ሐይቅ ዳርና ሜዳ ላይ መጠጣት በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜና እሑድ ለሽርሽር፣ ለኳስ ወይም ለሌላ ጨዋታ ወደ ሐይቁ የሚወጡ ሰዎች ስለ መጠጥ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ሐይቅ ዳር ቢራ መጠጣት ይቻላል?

የሚወስነው ቦታው ነው። በሐይቁ ዳርቻ መጠጥ የሚሸጡ ሬስቶራንቶችና ሎጆች አሉ። እዚያ ወንበር ይዛችሁ፣ ከቤቱ አዝዛችሁ ብትጠጡ የሚናገራችሁ የለም። ጣጣው የሚመጣው ጠርሙሱን አንጠልጥላችሁ ወደ እግረኛ መንገዱ፣ ወደ ሣሩ ወይም ልጆች ወደሚሯሯጡበት ሜዳ ስትወጡ ነው። እዚያ ቦታው የሁሉም ነው።

በር ያለውና ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ የራሱ ደንብ አለው። ደንቡ አንዳንዴ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ አንዳንዴ ጥበቃው በቃል ይነግራችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በእኔ እምነት ክፍት በሆነ የሕዝብ ቦታ ላይ "ይቻላል" ያላችሁ ኃላፊ ከሌለ አለመጠጣት ነው የሚሻለው። ከተማችን መጠጥ የሚጠጣበት ቤት አልቸገራትም። ቤተሰብ ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ግን ያን ያህል የለንም።

መጠጥ ከቤት ይዘን ብንሄድስ?

"ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ያለበት ቤት ውስጥ አይሞከርም። ለልደት ወይም ለምርቃት ቦታ የምትይዙ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገሩ። የራሳችሁን መጠጥ ለማስገባት ኮርኬጅ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ። ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙና ያዙ። በዝግጅቱ ቀን በር ላይ መከራከር ለእንግዳም አይመችም።

ዕድሜ ስንት መሆን አለበት?

21 ዓመት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። ብዙ ሰው 18 ይመስለዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆንም ዕድሜውን አይቀይረውም። አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ ካሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ገና 21 አልሞላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሐይቅ ዳር ቆሎና ኦቾሎኒ የሚሸጡ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች አሉ። ሰዉ ሣሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥና "ማሙሽ፣ እስቲ ከዚያ ሱቅ ሁለት ቢራ አምጣልን፣ መልሱን ያዘው" ይላል። ልጁ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ሻጩ ቢሰጠው ሕግ ጣሰ። ላኪው ደግሞ ልጁን በቀን ስንት ጊዜ ከመጠጥ ጋር እያለማመደው እንደሆነ አያስብም። ቢራ የሚጠጣ ሰው ተነስቶ ራሱ ይግዛ።

ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ላይስ? የተሸነፈ ቢራ ይጋብዛል የሚል ውርርድ አለን።

ውርርዱን የሚከለክል የለም። ግብዣው ግን ከጨዋታው በኋላ፣ ከሜዳው ውጭ ይሁን። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋም ቀላል አይደለም። አልኮል ሽንት ያበዛል፣ ላብ የወሰደው ውኃ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። ሰውነትንም ያዘገያል። አንድ ሁለት ቢራ ይዞ የገባ ተከላካይ ኳሱን ትቶ እግር የሚመታው ለዚህ ነው። ጠቡም ከዚያ ይነሳል።

ሜዳው ዳር ቆሞ የሚጠጣ ደጋፊም አለ። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ዳኛውን ይሰድባል፣ ከዚያ የሌላውን ቡድን እናት ማንሳት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ደጋፊ ያለው ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ ቢከለከል አይፈረድም።

ጠርሙስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚጠላው? ጠጥተን ይዘነው እንመለስ የለ?

የሚመልስ ይመልሳል። ሱቁም ማስያዣ ስለሚይዝ ባዶ ጠርሙስ ዋጋ አለው። ችግሩ የተሰበረው ነው። ለተሰበረ ጠርሙስ ማስያዣ የሚመልስ የለም፣ ስለዚህ የሚሰበስበውም የለም። ቡናማ ስባሪ አሸዋና ደረቅ ሣር ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ብትሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ በባዶ እግራቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ጀልባና መረብ ሲጎትቱ ታያላችሁ። ልጆቻቸው አጠገባቸው ናቸው። የማታው ስባሪ የሚያገኘው እነሱን ነው።

ቆርኪውም ቀላል አይደለም። ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ ሣር ውስጥ ከተቀመጠ አይታይም። መኖሩ የሚታወቀው ተረከዝ ውስጥ ሲገባ ነው። ደግሞ ቆርኪ ማስያዣ ስለሌለው ሁሉም ከፍቶ የሚወረውረው ነገር ነው። ወጋ ማለት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ፍለጋ ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት ነው።

ስለ ሐይቁም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣልነው ፕላስቲክ፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ ጠርጎ የሚወስደው የለም፤ እዚያው ይቀራል። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹም ያገኙትን ይውጣሉ፣ የዓሣ አንጀትና ፌስታል አይመርጡም። ስለዚህ በተፈቀደ ቦታ እንኳን ብትጠጡ ይዛችሁ የሄዳችሁትን ቁጠሩ፣ ስትነሱ ደግሞ ቁጠሩ፣ ቆርኪውንም ጭምር። መያዣው ዘንቢል ቢሆን ጥሩ ነው። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አጽድቋል።

ቢራውን ወደ ፕላስቲክ ብርጭቆ ወይም ወደ ውኃ ኮዳ ገልብጠን ብንይዝስ?

ስባሪ አይኖርም፤ እሱ ጥሩ ነው። ግን መጠጥ ክልክል በሆነበት ቦታ ዕቃውን መቀየር የተከለከለውን አይፈቅድም። ጥበቃዎቹም ዘዴውን ከናንተ በፊት ያውቁታል። ሌላም አለ፤ ኮዳ ውስጥ ያለን አረቄ ልጅ ውኃ መስሎት ሊያነሳው ይችላል። ቤተሰብ ባለበት ቦታ ይህን አታድርጉ።

ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን ዲስክ ጎልፍ ያጫውተናል። እዚያ እየጠጡ ነው የሚጫወቱት ይላል። እውነት ነው?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ እንደ ጎልፍ ነው፣ ግን ኳስ የለም፤ በዱላ ፈንታ እጅ ነው። ከአንድ መነሻ ተነስታችሁ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ ትወረውራላችሁ፣ ከወደቀበት አንስታችሁ ትቀጥላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ትከቱታላችሁ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሜዳው ብዙ ጊዜ 9 ወይም 18 ቅርጫት አለው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በአውሮፓውያን 1975 በካሊፎርኒያ የተሠራ ሲሆን፣ የሰንሰለቱን ቅርጫት የፈጠረው ኤድ ሄድሪክ ነው። በአውሮፓውያን 1976 የተመሠረተውን የባለሙያዎች ማኅበር ያቋቋመውም እሱ ነው።

ዘመዳችሁ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ሙሉ በሙሉ ልክም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ሜዳዎች ያሉት በከተማ መናፈሻ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠጥ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው የጨዋታው ሳይሆን የመናፈሻው ባለቤት ደንብ ነው። አንዱ ከተማ ቢራ ይፈቅዳል፣ ሌላው በፈቃድ ወረቀት ብቻ ይላል፣ ሌላው ጠርሙስ ብቻ ይከለክላል፣ ሌላው ጭራሽ አልኮል አያስገባም። ጓደኛሞች ለመዝናናት ሲጫወቱ ቢራ መያዛቸው የተለመደ ነው። በማኅበሩ ዕውቅና ባለው ውድድር ላይ ግን ተጫዋች ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ ውጤት ወረቀቱ ርክክብ ድረስ መጠጥ መያዝ እንኳ አይችልም።

እዚህ ሐዋሳ ሲጫወት ደግሞ የሚገዛው የሐዋሳ ቦታ ደንብ ነው። ሣሩ ላይ የሙሽራ ፎቶ የሚነሳ አለ፣ ሕፃን የሚያስሮጥ አለ። የጎልፍ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 180 ግራም ይመዝናል፣ ጠርዙም ቀጭንና ጠንካራ ነው። ፊት ላይ ካረፈ ጥርስ ያወልቃል። ይህን ነገር ሰው በበዛበት ቦታ በሞቅታ መወርወር አይገባም። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ማልት ወይም ውኃ ይዛችሁ ተጫወቱ። ጨዋታው በራሱ ደስ ይላል፣ መጠጥ አይፈልግም።

ሁለት ቢራ ጠጥቶ መዋኘት ወይም ጀልባ መሳፈርስ?

አይሆንም። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 20 ሜትር ያልፋል። ዳሩ ላይ ጉልበት የሚያህለው ውኃ ትንሽ ሲገቡ ሊከዳ ይችላል። የጠጣ ሰው ድካሙን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ሲመሽ ደግሞ ጉማሬዎቹ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣሉ። ጉማሬ ከሰው ይበልጥ ይሮጣል፣ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ላይ ደግሞ አይራራም። መጠጥና ምሽት በሐይቁ ጠርዝ ላይ አይገናኙ።

ጀልባ ላይ የሚጠጣ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚያጋልጠው። ፎቶ ለመነሳት አንዱ ብድግ ሲል ጀልባው ይዘነበላል። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ቀዘፋውን የያዘው ሰው ራሱ የጠጣ ከመሰላችሁ ደግሞ አትሳፈሩ።

ከጫት በኋላ ጨብሲ ሐይቅ ዳር ብንወጣ ምን አለበት?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ እኔም ዝም ብዬ አላልፈውም። ጫት ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ስሜት ይሸፍናል። የቃመ ሰው አምስተኛው ቢራ ላይ ሆኖ "ምንም አልያዘኝም" የሚለው ለዚህ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን እንዳለ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ስካሩ በአንዴ ይመጣበታል። ይህ ሰው ሐይቅ ጠርዝ ላይ ወይም ሞተር ላይ ከሆነ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

ባትጠጡ ይሻላል። ከጠጣችሁ ቆጥራችሁ ጠጡ፤ ስሜታችሁን አትመኑ። በልታችሁ ጠጡ። አሞራ ገደል ጥሩ የዓሣ ሾርባ አለላችሁ።

ለመንዳት ስንት ሰዓት መቆየት አለብኝ? ቡና ብጠጣስ?

ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በራሱ ፍጥነት ነው። በግምት ለአንድ ቢራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቡና ያነቃል እንጂ ስካር አያበርድም። ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ዳጣ የበዛበት ጥሬ ዓሣም፣ ማስታወክም አያበርድም። አራት ቢራ የጠጣ ሰው ሌሊቱን መተኛት አለበት። አንድ ጃምቦ ደግሞ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ሊበልጥ ስለሚችል ብርጭቆ ብቻ አትቁጠሩ።

ባጃጅና ሞተርም መኪና ነው፤ ሕጉ አይለያቸውም። የሰከረ የባጃጅ ሹፌር ካጋጠማችሁ ውረዱ። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ 275 ኪሎ ሜትር መንገድ ይጠብቃችኋል። እሑድ ቀትር ላይ ቢራ ቀምሶ ከሰዓት መንገድ መጀመር ብዙ ቤት ያፈረሰ ልማድ ነው። ወይ አንዱ ሙሉ ቀን ሳይጠጣ ይዋል፣ ወይ ሰኞ ጠዋት ሂዱ።

አጠገባችን የተቀመጡት ሰክረው ቢረብሹንስ?

መጀመሪያ ራቅ በሉ፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ከዚያ ለቦታው ጥበቃ ንገሩ። ለመምከር ብላችሁ ራሳችሁ አትሂዱ፤ የሰከረ ሰው ምክርን እንደ ንቀት ነው የሚሰማው። ጠብ ከተነሳ ወይም ሴቶችን ማስቸገር ከጀመሩ 991 ደውሉ።

የምትጠጡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አካባቢያችሁን አስተውሉ። ሐዋሳ ውስጥ በእምነቱ ምክንያት አልኮል በአፉ የማይዞር ሰው ብዙ ነው። ጴንጤው አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ ጾም ላይ ያለ ኦርቶዶክስ አለ። ጉዱማሌ ደግሞ የሲዳማ አባቶች በፍቼ ጨምበላላ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። በዓሉ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። እዚያ ጠርሙስ ይዞ መንጎራደድ ሽማግሌ ፊት እግር እንደ መዘርጋት ነው።

ጥበቃ ወይም ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን ላድርግ?

ጠርሙሱን አስቀምጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። "እሺ ጋሼ" ብሎ ዕቃ መሰብሰብ አብዛኛውን ነገር ይጨርሰዋል። ነገሩ የሚከረው ከጓደኞቻችሁ አንዱ "እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?" ሲል ነው። ያንን ጓደኛ ቀድማችሁ ያዙት።

ቅጣት አለባችሁ ከተባላችሁ በየትኛው ደንብ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ፣ ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚሰጥ ብር ቅጣት አይደለም። አትስጡ።

ሰክሬ ጥፋት ብሠራ "አእምሮዬን ስቼ ነበር" ማለት ያድነኛል?

አያድንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ራሱን ያሰከረ ሰው ስካሩን መሸሸጊያ አድርጎ ከኃላፊነት እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ወንጀል ለመሥራት ልብ እንዲሆነው ብሎ የጠጣ ሰውማ ጭራሽ ይብስበታል። ሐይቅ ዳር የተፈነከተ ሰው፣ የተሰበረ ስልክ፣ የተገለበጠ የነጋዴ ቆሎ ሁሉ ባለቤት አለው። ጠዋት ላይ አለማስታወስ ዕዳውን አይፍቅም።

ጓደኛችን ቁልፉን አልሰጥም ብሎ ሊነዳ ቢነሳስ?

ሰው ፊት አትጣሉት፤ እልህ ይይዘዋል። አንድ የሚያከብረው ሰው ለብቻው ወስዶ ያናግረው። "ትንሽ ምግብ እንብላና እንሂድ" ብላችሁ ጊዜ ግዙ። አንዳችሁ ባጃጅ ጥሩ፣ መኪናው እዚያው ለጥበቃ ተነግሮ ይደር። ወንድሜ፣ የኔ ጌታ፣ በእናትህ፤ የምታውቁትን ልመና ሁሉ አውጡ። በምንም ካልሰማ ግን አብራችሁ አትሳፈሩ፣ ለፖሊስ ደውሉ። ይህን ለማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሲፈታ ሊቀየማችሁ ይችላል። ይቀየም።

ጓደኛችን ጠጥቶ ራሱን ቢስትስ?

"ይተኛ፣ ይለቀዋል" ብላችሁ ትታችሁት አትሂዱ። በጀርባው አታስተኙት፤ ካስታወከ ያንቀዋል። በጎኑ አዙሩት፣ አፉ ወደ መሬት ዘንበል ይበል፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ ፍቱ። ውኃ፣ ቡና ወይም ሎሚ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ልብስ ደርቡበት፣ የሐይቅ ዳር ማታ ይበርዳል። አንድ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ።

ስትጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከተንቀጠቀጠ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ። አረቄ የጠጣ ሰው "ዓይኔ ደበዘዘ፣ ጭጋግ ሆነብኝ" ካለ ደግሞ ባይሰክርም ሳይነጋ ሆስፒታል ውሰዱት። መርዛማ አልኮል ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ያጠፋል። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ምን እንደጠጣ፣ ስንት እንደጠጣ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ ጫት ቅሞ ከነበረም ሳትደብቁ ተናገሩ።